«እንቅልፋም» ከማለታችን በፊት

በአገራችን ሳይተኙ ማደር የክብር ነገር ነው። ካህኑ በማሕሌት ቆሞ ያድራል፤ ዘበኛው ካፖርቱን ደርቦ በር ላይ ያድራል፤ እናት በታመመው ልጅዋ ራስጌ ተቀምጣ ታድራለች። በእኛም መካከል እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት ሳያጠፋ ያጠና ተማሪ፣ ጧት በካፌው ሰልፍ ላይ እንደ ጀግና ይወራለታል። እንቅልፍ ግን ወዳጅ የለውም። የተኛ ሰው ሰነፍ ነው፤ ብዙ የተኛ ደግሞ «እንቅልፋም» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ስሙ አንድ ጊዜ ከወጣለት በኋላም «ምን ነካህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ስም ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን እንጂ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም፤ ስለዚህ በሌላው እርሻ ገብተን ለማረስ አንከጅልም። ነገር ግን የቃልን ጉልበት መመርመር ሥራችን ነው። «እንቅልፋም» የሚለው ቃል የምርመራ ውጤት ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ፍርዱም የሚሰጠው ምስክር ሳይሰማ ነው። ዛሬ ግን ምስክሩን የሚሰማ፣ የሰውን እንቅልፍ ከምሽት እስከ ንጋት ደቂቃ በደቂቃ የሚመዘግብ ምርመራ በዓለም ላይ አለ። ይህን ምርመራ ማወቅ፣ ለሚያስፈልገው ሰው መጠየቅ፣ በአገራችንም ሥር እንዲሰድ መታገል የተማሪዎች ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያታችንን በተራ እናቀርባለን።

ለብዙ ዘመን እንቅልፍ እንደ ጠፋ መብራት ይቆጠር ነበር። ሰው ሲተኛ አእምሮውም አብሮ የሚዘጋ ይመስል ነበር። ይህን እምነት ያፈረሰው ክርክር ሳይሆን መሣሪያ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 ከሰው ራስ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ሥራውንም በ1929 አሳተመ። በ1953 ደግሞ በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪ የተባለ ተማሪ ከመምህሩ ከናትናኤል ክላይትማን ጋር ሆኖ፣ የተኛ ሰው ዐይኖች በሌሊቱ በተወሰኑ ጊዜያት ከተከደነው ሽፋሽፍት ሥር በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ ገለጠ። በዚያን ጊዜ የተቀሰቀሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕልሙን ይናገር ነበር። አሰሪንስኪ ተማሪ እንደ ነበረ ልብ በሉልን፤ መሣሪያውን ከሞከረባቸው ሰዎች አንዱም የገዛ ትንሽ ልጁ ነበር። በ1959 ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ በሊዮን ከተማ ድመቶችን ሲመረምር፣ በዚሁ የሕልም እንቅልፍ ጊዜ አንጎል እንደ ነቃ ሆኖ ሲሠራ የሰውነት ጡንቻ ግን ፈጽሞ እንደሚዝለፈለፍ አሳየ።

ይህን ስናነብ ዱካክ ትዝ ይለናል። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ እጁንና እግሩን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው፣ አንዳች ከባድ ነገር ደረቱ ላይ የተቀመጠ ሲመስለው፣ ለመጮህ ሞክሮ ድምፁ እምቢ ሲለው፣ አያቶቻችን «ዱካክ ተጫነው» ይላሉ። የሳይንስ ሰዎች ደግሞ አእምሮ ከሕልም እንቅልፍ ቀድሞ ሲነቃና የጡንቻው መዝለፍለፍ ገና ሳይለቅ ሲቀር የሚደርስ ነው ይላሉ። አያቶቻችን የሆነውን ነገር በትክክል ተናግረዋል፤ የጎደላቸው መሣሪያ ብቻ ነበር። አልፎ አልፎ ዱካክ የተጫነው ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ጤነኛም ሰው፣ ይልቁንም እንቅልፍ ሲያጣ፣ ይደርስበታል።

እንግዲህ ምርመራው ምን ዓይነት ነው? ስሙ ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል፤ ብዙ ነገርን በአንድ ሌሊት እንቅልፍ መመዝገብ ማለት ነው። ተመርማሪው ወደ ማታ የሌሊት ልብሱን ይዞ ይመጣል። በራሱ ላይ፣ በዐይኖቹ አጠገብ፣ በአገጩና በቅልጥሙ ላይ ትንንሽ ሽቦዎች ይለጠፉለታል። በደረቱና በሆዱ ዙሪያ መቀነት የመሰለ ነገር ይታሰርለታል፤ ከአፍንጫው ሥር የሚገባውንና የሚወጣውን አየር የሚለካ ቀጭን ቱቦ ይደረግለታል፤ የልቡ ምት ይመዘገባል፤ ጣቱ ላይም በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን በብርሃን የሚለካ መቆንጠጫ ይገባለታል። የዚህን መለኪያ መሠረታዊ ስልት በ1974 ያስገኘው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው። መርፌ የለም፤ ሥቃይ የለም። ከዚያ «ደኅና እደር» ተብሎ መብራት ይጠፋል። በሌላ ክፍል ግን አንድ ባለሙያ ሳይተኛ የእርሱን እንቅልፍ ሲጠብቅ ያድራል። ሳይተኙ ማደር የምናከብር ከሆነ፣ ሌላው በሰላም መተኛቱን ለማወቅ የሚያድረውን ይህን ሰው ከማን ልናሳንሰው ነው?

ሲነጋ የተመዘገበው ሁሉ በሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ተከፍሎ ይነበባል። ይህን የአነባበብ ሥርዓት ሬክትሻፈንና ኬልስ የተባሉ ሊቃውንት በ1968 በመጽሐፍ ደነገጉት፤ በኋላም ታርሞ እስካሁን ይሠራበታል። የስምንት ሰዓት እንቅልፍ በዚህ ስሌት 960 ገጽ ይሆናል ማለት ነው። አንባቢው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሰውየው ነቅቶ እንደ ነበረ፣ በቀላል ወይም በከባድ እንቅልፍ ላይ እንደ ነበረ፣ ወይም በሕልም ውስጥ እንደ ነበረ ይፈርዳል። ጤነኛ ሰው ይህን ዙር በየ90 ደቂቃው ገደማ እየደጋገመ ያድራል። እኛ አንድን አሮጌ ብራና በመስመር በመስመር ማንበብ እንደምንማር፣ እነርሱም የአንድን ሰው ሌሊት በገጽ በገጽ ያነባሉ።

በዚህ ንባብ አብዝቶ ከሚገኘው በሽታ ዋናው በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ነው። በ1965 በማርሴይ ጋስቶና ባልደረቦቹ፣ በጀርመንም ዩንግና ኩሎ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥላቸውን ወፍራም ሰዎች ሌሊት ሲመረምሩ ትንፋሻቸው ደጋግሞ እንደሚቆም አገኙ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ሥጋ ይላላል፤ በአንዳንዱ ላይ መላላቱ አልፎ መንገዱን ይደፍነዋል። ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ አየር ግን አያልፍም። ቢያንስ ለ10 ሰከንድ እንዲህ ከሆነ አንድ መቋረጥ ተብሎ ይቆጠራል። በደሙ ያለው ኦክስጅን እየወረደ ሲሄድ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ እርሱም በትልቅ ማንኮራፋት ይተነፍስና ተመልሶ ይተኛል። ጧት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም።

ትንፋሹ ሙሉ በሙሉ የተቋረጠበትና በብዙ የቀነሰበት ጊዜ በሰዓት ስንት እንደ ሆነ ይቆጠራል። ከ5 በታች ለአዋቂ ሰው እንደ ደኅና ይወሰዳል፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሰዓት 30 ጊዜ የሚቋረጥበት ሰው ሰባት ሰዓት ቢተኛ በአንድ ሌሊት 210 ጊዜ ይታፈናል። እንግዲህ ይህን ሰው ጧት 2 ሰዓት ላይ በሞቀ አዳራሽ አስቀምጠን የፍልስፍና ትምህርት እናሰማዋለን፤ ራሱ ዘንበል ሲልም እንስቅበታለን!

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል፤ እውነት ነው። የዚህ በሽታ ክፋት ግን በሽተኛው አለመደበቁ ነው፤ በሽታው ከራሱ ከባለቤቱ ተደብቆ ይኖራል። እርሱ ሲነቃ በሽታው ይተኛል፤ እርሱ ሲተኛ በሽታው ይነቃል። የሚያየው አጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው። በትዳር ያለውን ሚስቱ ወይም ባልዋ ያዩታል። በዶርም ያለውን ግን ማን ያየዋል? እኛ ነን የምናየው። በአንድ ክፍል በተደራራቢ አልጋ የምንተኛ ተማሪዎች፣ ሳናውቀው፣ አንዳችን ለሌላችን የሌሊት ምስክር ሆነናል። እስካሁን ግን ምስክርነታችንን የተጠቀምንበት ለቀልድ ነው። የሚያንኮራፋ ጓደኛችንን ጫማ ወርውረን ቀስቅሰናል፤ በስልካችን ድምፁን ቀድተን ለሳቅ አሰራጭተናል፤ ሌላ ክፍል እንዲፈልግ መክረናል። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል ደግሞ «እፎይ፣ ተገላገልን» ብለናል። አደገኛው ግን ጩኸቱ ሳይሆን ያ ጸጥታ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ያንኮራፋ ታሟል አንልም፤ ማንኮራፋት ብቻውን በሽታ አይደለም። የበሽታ ምልክቱ ማንኮራፋት፣ የትንፋሽ መቆም፣ እየታፈኑ መባነን፣ የጧት ራስ ምታትና የቀን ድካም ሲገጣጠሙ ነው። «ይህ የወፍራምና የሽማግሌ በሽታ ነው፤ እኔ ቀጭን ነኝ» የሚልም አይጠፋም። ውፍረትና ዕድሜ አደጋውን ያበዙታል፤ ነገር ግን የመንጋጋ ቅርጽና ያበጠ ቶንሲል ቀጭኑንና ወጣቱንም ሊያሳምሙ ይችላሉ። እኅቶቻችንም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ማንኮራፋት ለሴት ነውር ነው ስለሚባል አፋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱም የሚናገሩት ስለ ድካምና ስለ ራስ ምታት ብቻ ይሆንና ነገሩ ሳይታወቅ ይቀራል።

ሌላም አለ። ናርኮሌፕሲ የሚባለው በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእኛው ዕድሜ፣ በጉርምስናና በወጣትነት ነው። የታመመው ሰው የፈለገውን ያህል ሌሊት ቢተኛ ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ አንዳንዱም ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። ይህን ለማወቅ ከሌሊቱ ምርመራ በኋላ በማግሥቱ ሌላ ምርመራ ይደረጋል፤ ይኸውም በየሁለት ሰዓቱ አራት ወይም አምስት ጊዜ እንዲተኛ እየተደረገ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀበት ይለካል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚተኛና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ወዲያው ወደ ሕልም እንቅልፍ የሚገባ ከሆነ ሐኪሙ በሽታውን ይጠረጥራል። ይህ ሰው እስኪመረመር ድረስ በመምህራኑ ዘንድ ስሙ ምንድነው? «እንቅልፋም።» በውጤት ማነስ ከትምህርት ቢባረር መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ምንድነው? «በትምህርቱ ደካማ።» እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። ስንት ሰው በዚህ መንገድ ወደ መንደሩ ተመልሶ ይሆን፣ ቤተሰቡም እርሱም ጥፋቱ የስንፍና መስሏቸው?

አሁን ክርክር እንደሚነሣብን እናውቃለን። «በወሊድ እናቶች በሚሞቱበት፣ ወባና ቲቢ ባለበት አገር ስለ ማንኮራፋት መናገር ቅንጦት ነው» የሚሉን ይኖራሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በክብር እንመልስ። አንደኛ፣ በሽታው የባለጠጎች ብቻ አይደለም። በ2019 ላንሴት ሬስፒራቶሪ ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆነ የዓለም ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ፣ ቀላሉም ተቆጥሮ፣ ይህ የትንፋሽ መቋረጥ እንዳለባቸው ገምቷል። ሁለተኛ፣ በሽታው ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛ፣ እንቅልፍ የጣለው ሰው ብቻውን አይሞትም። ከጅቡቲ ወደብ የአገራችንን ጭነት ይዞ ሌሊት በረሃውን የሚያቋርጠውን የከባድ መኪና ሹፌር አስቡት። እንቅልፉን በጫት እያባረረ መሪ የያዘ ሰው ድካሙ ከሥራ ብዛት ይሁን ከበሽታ የሚያውቅለት የለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ መካከለኛ ወይም ከባድ የትንፋሽ መቋረጥ ያለበትና ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ሳይታከም መንጃ ፈቃድ እንዳይሰጠው ደንግጓል። እነርሱ ይህን ያደረጉት ለቅንጦት ብለው አይደለም፤ የመንገድ ሬሳ ቆጥረው ነው።

«ታዲያ ቢታወቅስ መድኃኒቱ የት አለ?» ለሚለውም መልስ አለ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 በአፍንጫ በኩል አየርን በቀስታ እየገፋ ጉሮሮ እንዳይደፈን የሚያደርግ መሣሪያ በአምስት በሽተኞች ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ። ዛሬ ሲፓፕ ይባላል። ሁሉን ይፈውሳል አንልም፤ በ2016 ውጤቱ በወጣ ከ2,700 በላይ ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት መሣሪያው የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደ ቀነሰ አልተረጋገጠም፤ የቀን እንቅልፍን ግን ቀንሷል፤ ስሜታቸውንም አሻሽሏል። መሣሪያው ውድ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊትም ይቆማል። ይሁን እንጂ ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ አልኮል መተው፣ ያበጠ ቶንሲል ማስወጣት እንደ በሽተኛው ሁኔታ የሚረዱ ነገሮች ናቸው፤ እነዚህ መብራት አይፈልጉም።

ሙሉው የሌሊት ምርመራ ብዙ ገንዘብና የሠለጠነ ሰው እንደሚጠይቅ አንክድም። ነገር ግን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ሰው በገዛ አልጋው ተኝቶ ትንፋሹንና ኦክስጅኑን ብቻ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አለ። ይህ የአንጎልን ሞገድ ስለማይመዘግብ በትክክል ስንት ሰዓት እንደ ተኛ አያውቅም፤ ስለዚህ በሽታውን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል፤ ሌላ ከባድ ሕመም ለሌለበትና ምልክቱ ግልጽ ለሆነ ሰው ግን ይበቃል። ከዚህም በፊት የሚቀድም አለ፤ እርሱም ጥያቄ ነው። በቶሮንቶ በ2008 የተዘጋጀ አጭር የጥያቄ ዝርዝር አለ፤ በኃይል ታንኮራፋለህን? ቀን ይደክምሃልን? ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለን? የደም ግፊት አለብህን? እያለ ይጀምራል። እነዚህን ለመጠየቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ስለ ኦክስጅኑ መለኪያ አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በኮሮና ዘመን በጣት የሚገባውን ይህን መሣሪያ ብዙዎቻችን ለማወቅ በቅተናል። በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባነበበላቸው የሆስፒታል በሽተኞች ላይ የደማቸው ኦክስጅን በቀጥታ ሲለካ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ ደግሞ 3.6 በመቶ የሚሆኑት በእርግጥ ከ88 በመቶ በታች ሆነው እንደ ተገኙ አሳይቷል። መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ላይ ደኅና ነው እያለ የሚዋሽበት ጊዜ ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያውን እንዳለ መቀበል ብቻ አይበቃንም፤ በእኛ ቆዳ፣ በእኛ ከፍታ፣ በእኛ ሰዎች ላይ የሚፈትኑት የራሳችን ተመራማሪዎች ያስፈልጉናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተበጀ ቁጥር ለእኛ በትክክል ይስማማል ብሎ ሳይመረምር የሚቀበል ምሁር ሥራውን አልሠራም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የተማሪዎች ክሊኒክ ለድካምና ለራስ ምታት የመጣውን ተማሪ «ማታ እንዴት ታድራለህ? አብሮህ የሚተኛው ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ ካሳሰበውም ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለት። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር በክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚጥለውንና ውጤቱ የወደቀውን ተማሪ ከማሰናበቱ በፊት በሐኪም እንዲታይ ይፍቀድ። የሕክምና ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን የእንቅልፍ ሕክምና መስክ ከሚመርጡት ሙያ ውስጥ ይቁጠሩት። ማኅበራችንም በየዓመቱ ለአዲስ ገቢዎች ከሚሰጠው ምክር ውስጥ አንዲት ገጽ ስለዚህ ይጨምር።

ለራሳችንም ደግሞ እውነቱን እንንገር። አብዛኞቻችን ክፍል ውስጥ የምናንጎላጀው ታመን ሳይሆን ሳንተኛ ስለምናድር ነው፤ ለዚህ ሽቦ መለጠፍ አያስፈልግም፤ ስልክን አስቀምጦ መተኛት ይበቃል። እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰውም ቢሆን ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በመጠየቅ እንጂ በሌሊት ምርመራ አይደለም። ምርመራው የሚያስፈልገው በቂ ተኝቶ ለማይነቃው፣ ተኝቶ ለሚታፈነው፣ ሳይፈልግ ለሚወድቀው ነው። እርሱን ከእኛ ከሌሎቹ ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ከሁሉ በፊት የቀረበው ሰው አብሮት በአንድ ክፍል የሚተኛው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከላይኛው አልጋ የሚያንኮራፋው ጓደኛችን ድንገት ጸጥ ሲል ጫማችንን አናንሣ። እንስማ፤ እንቁጠር። አሥር ሰከንድ ካለፈና ነገሩ ከተደጋገመ፣ ጧት ለብቻው ጠርተን ያየነውን እንንገረው። እርሱ ሊያየው የማይችለውን አይተንለታልና፣ ዝም ካልን ጥፋቱ የእንቅልፉ አይሆንም፤ የእኛ የነቃነው ይሆናል።